የሜታል ባንዶች ካንትሪ ሲቀርጹ የሚሠሯቸው ስህተቶች

የካንትሪ ሙዚቃ ማዕከል በሆነችው የአሜሪካ ከተማ ናሽቪል ውስጥ በድምፅ ቀረጻ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ የካንትሪ ቃና ያለው ዘፈን ይዘው ከሚመጡ የሜታል ባንዶች ጋር ስሠራ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው አንድ ስህተት አለ፤ እርሱም የፔዳል ስቲል (ተጋድሞ በብረት ዘንግ የሚጫወቱት፣ የክሮቹን ድምፅ በእግር ፔዳል የሚለውጡት ጊታር) ተጫዋቹን በመጨረሻው ቀን መጥራት ነው። ከበሮው፣ ቤዙ፣ በግራና በቀኝ አራት አራት ጊዜ የተደራረበው ጊታር ሁሉ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ «ትንሽ ካንትሪ ጣል ያድርጉበት» ይባላል። እንዲህ ተጠርተው የመጡ አንድ አዛውንት መሣሪያቸውን ዘርግተው ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ካደመጡ በኋላ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው «እኔ የት ልቀመጥ?» አሉኝ። ወንበር የፈለጉ መስሎኝ ብድግ አልኩ፤ እርሳቸው ግን የሚጠይቁት በዘፈኑ ውስጥ ስለተረፈላቸው ቦታ ነበር።

ችግሩ የጊታሮቹ ጩኸት ብቻ አይደለም። የሜታል ጊታሪስት አብዝቶ የሚመታው ፓወር ኮርድ መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ የያዘ ነው፤ ሦስተኛው ድምፅ የሚተወው በከባድ ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ በሚያሻክረው ስልት) ውስጥ ሲያልፍ ስለሚደፈርስ ነው። ካንትሪ ደግሞ የሚያለቅሰው በዚያው በሦስተኛው ድምፅ ላይ ነው። በናሽቪሉ ኢ9 ቅኝት የተቃኘ ባለ10 ክር ስቲል፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ ከአራተኛው ወደ ሦስተኛው ድምፅ ሲንሸራተት የሚሰማው እንጉርጉሮ በስምንት የደፈረሱ ጊታሮች ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ትዝታ ሜጀርን ያዳመጠ ጆሮ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ካንትሪ ጊታሪስቶች የሚመላለሱበት ሜጀር ፔንታቶኒክ የዚሁ የትዝታ አምስት ድምፆች ስለሆነ፣ በክራር ላይ ሦስተኛውን ድምፅ እየዘለለ የሚጫወት ሰው ምን እንደጎደለው ወዲያው ይሰማዋል። በዚያን ቀን ከስምንቱ ጊታሮች ስድስቱን ዘጋሁ፤ ጊታሪስቱም አኩርፎ ከመኪናው ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። አኩስቲክ ጊታሩና ስቲሉ ቀድመው ቢቀረጹና ዲስቶርሽኑ አዝማቹ ላይ ብቻ ቢገባ ኖሮ ኩርፊያውም ባልመጣ ነበር።

የሜታል ባንዱ ሜታሊካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው «ሎድ» አልበም ውስጥ ያለው «ማማ ሴድ» በአኩስቲክ ጊታር ይጀምራል፤ ስቲሉም የሚተነፍስበት ቦታ አለው። ከዚህም በላይ፣ እናቱን በአሥራዎቹ ዕድሜው ያጣው የባንዱ ድምፃዊ ጄምስ ሄትፊልድ የዘፈነው ስለ እናትና ልጅ ነው እንጂ፣ የእርሻ ሕይወት ሳያውቅ በካንትሪ ዘፈኖች ስለተለመዱት ስለ ጭነት መኪና፣ ስለ ውስኪና ስለ ውሻ አልጻፈም። ግጥሙን ከሌሎች ዘፈኖች ለቃቅሞ የሚመጣ ባንድ ቢያንስ አንዱን ስንኝ ከራሱ ቤት ቢያመጣ እመርጣለሁ። ድምፃዊው የቴክሳስ ሰው ለመምሰል ቃሉን የሚጎትት ከሆነ ግን ማይክሮፎኑን ለማጥፋት እጄ ይቸኩላል።

ከበሮን በተመለከተ ጥፋቱ የራሴ ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን፣ የሜታል ከበሮን በኮምፒውተር ማስተካከል ልማድ ሆኖብኝ፣ አንድ ከበሮ መቺ በስኔር (በዱላ በሚመታው ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ትንሽ ከበሮ) ላይ የተጫወተውን እንደ ባቡር የሚያስገመግም ምት ሌሊቱን ሙሉ እያንዳንዷን ምት እየጎተትኩ ከመስመሩ ላይ ደረደርኳት። በማግስቱ ልጁ አድምጦ «ይህን የመታው ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ባቡሩ እንዲሄድ የሚያደርገው አንዳንዱ ምት በጥቂቱ መዘግየቱ፣ ሌላው መጠንከሩ ነበር፤ እኔ ግን ሁሉንም እኩል አድርጌ አቁሜው ነበር። የመጀመሪያውን ቅጂ አለማጥፋቴ አዳነኝ። ባስ ድራምን በሁለት እግር መደብደብም በዚህ ምት ላይ አይሠራም፤ ይህን ለማስረዳት ጊዜ አላጠፋም።

ጊታራችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የምትቃኙ ከሆነም ለስቲል ተጫዋቹ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ስቲሉ የተቃኘው በኢ ስለሆነ፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ኢ ፍላት ላይ ለተሠራ ዘፈን፣ በባዶ ክር ያዘጋጀው ዜማ ስቱዲዮ ሲደርስ ከእጁ ይወጣል። እኚያ አዛውንት ዛሬ ስደውልላቸው ግን ከቅኝቱም ከክፍያውም በፊት የሚጠይቁኝ ስንት ጊታር እንደተቀረጸ ነው።