ድሬ ላይ አበባ በፖት ለምትተክሉ

ድሬዳዋ ላይ የፖት አበባ ሲጠወልግ ሁላችንም ውኃ ለማምጣት እንሮጣለን። ቆይ! መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ውስጡ ርጥብ ከሆነ ችግሩ የውኃ እጥረት አይደለም፤ ሥሩ ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ሥርም አየር ይፈልጋል።

በቀለም ቆርቆሮ የተከልኳት ቡጋንቪላ ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ነቅዬ አየኋት። ሥሯ ቡናማ ሆኗል፤ ሲነኩት ይላላጣል፤ ይሸታል። ጤነኛ ሥር ጠንካራ ነው፤ ጫፉም ነጣ ይላል። የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆርጬ፣ አሸዋ በቀላቀልኩበት አዲስ አፈር መልሼ ተከልኳት። የቆርቆሮውን ታች በምስማር አራት አምስት ቦታ በሳሁት፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ላይ በፍጹም አትትከሉ!

ሌላው የከሰዓት ፀሐያችን ነው። ቆርቆሮና ጥቁር ፕላስቲክ ሲግል ጠርዝ ላይ ያለው ሥር ይቃጠላል። ፖቱን ታቹ በተበሳ ሰፊ የሸክላ ዕቃ ውስጥ አስገቡና ዙሪያውን አሸዋ ሙሉት። ውኃ በማለዳ፣ ከታች እስኪንጠባጠብ ድረስ። ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ግን ወዲያው ድፉት።