ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ደብተር፦ ፊንላንድንና ኢስቶኒያን ለማወዳደር

ጅማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሁለት ጎረቤት አገሮችን አወዳድሩ ስላቸው ብዙ ተማሪዎቼ የሚያመጡልኝ አንድ መስመር ነው፤ «ፊንላንድ ትበልጣለች፣ ኢስቶኒያ ትከተላለች።» ይህ የውድድር ውጤት እንጂ ንጽጽር አይደለም። ንጽጽር የሚሆነው አንደኛዋ ለምን ቀደመች፣ ሌላዋስ ከየት ተነስታ እዚህ ደረሰች ብለን ስንጠይቅ ነው።

ከካርታው ጀምሩ። ከሄልሲንኪ እስከ ታሊን ያለው ባሕር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመርከብ የሁለት ሰዓት መንገድ። ቋንቋቸው ይዛመዳል፣ ክረምታቸውም ተመሳሳይ ነው። ጅማን ከበደሌ ጋር ስታወዳድሩ ዝናቡም ቡናውም ስለሚቀራረብ ዓይናችሁ ወደ ሰው ሥራ ይሄዳል፤ ከሰመራ ጋር ብታወዳድሩ ግን በረሃው ሁሉንም ይሸፍንባችኋል። ፊንላንድና ኢስቶኒያ እንደ ጅማና በደሌ ናቸው።

ቀጥሎ ደብተሩን በሁለት ዓምድ ከፍላችሁ መነሻቸውን ጻፉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፊንላንድ ነጻነቷን ያወጀችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1917፣ ኢስቶኒያ ደግሞ በየካቲት 1918 ነው፤ መካከሉ ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። መንገዳቸው የተለያየው እ.ኤ.አ. በ1940 ሶቪየት ኅብረት ኢስቶኒያን ስትጠቀልል ነው። ፊንላንድ ተዋግታ ነጻነቷን ጠበቀች፤ የተጣለባትን የ300 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ መርከብና ማሽን እየሠራች እ.ኤ.አ. በ1952 ከፍላ ጨረሰች፤ ያ ዕዳ ፋብሪካዎቿን አሳደገላት። ኢስቶኒያ ነጻነቷን የመለሰችው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1991 ነው፤ የራሷን ገንዘብ ያወጣችውም በዓመቱ። ስለዚህ የኢስቶኒያን የገበያ ኢኮኖሚ ዕድሜ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚቆጥር ሰው ያልነበራትን ግማሽ ምዕተ ዓመት ይጨምርባታል።

ወደ ቁጥር ስትመጡ አጠቃላይ ምርትን ለብቻው አትጠቀሙ። ፊንላንድ 5.6 ሚሊዮን ገደማ፣ ኢስቶኒያ ከ1.4 ሚሊዮን ያነሰ ሕዝብ አላቸው፤ ለነፍስ ወከፍ ማካፈል ግድ ነው። እሱም ቢሆን በገንዘብ የመግዛት አቅም ይስተካከል። እዚህ ጅማ ሂርማታ ገበያ አንድ ኪሎ ቡና የሚገዛ ብር አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ኪሎ አይሞላም፤ ዩሮም ታሊንና ሄልሲንኪ ላይ እንደዚያው ነው። ይህን ካስተካከላችሁ በኋላም ፊንላንድ ትቀድማለች፣ ክፍተቱ ግን ይጠባል።

ዓመተ ምሕረቱን ደግሞ ተጠንቀቁ። አንድ ተማሪዬ የፊንላንድን የእ.ኤ.አ. 2017 ቁጥር ከኢስቶኒያ የ2009 ቁጥር ጎን አስቀምጦ አመጣልኝ። 2009ን በእኛ አቆጣጠር አስቦ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ዓመት መስለውታል። ፈረንጆቹ 2009 የሚሉት ግን የዓለም የገንዘብ ቀውስ የኢስቶኒያን ኢኮኖሚ ከአንድ አሥረኛ በላይ የቆረጠበት ዓመት ነው። ልጁ ሳያውቅ አገሪቱን በከፋ ቀኗ ፎቶ አነሳት። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን «እ.ኤ.አ.» ያልጻፈ ተማሪ ወረቀቱን መልሼ እሰጠዋለሁ።

ማኅበራዊውን ክፍል በሁለት ጥያቄ ያዙት፦ ሰው ስንት ዓመት ይኖራል? ልጆችስ ምን ይማራሉ? በዕድሜ ፊንላንድ ትሻላለች፤ ኢስቶኒያ ውስጥ ወንዶች ከሴቶች በብዙ ዓመት ቀድመው ይሞታሉ፣ አማካዩ ቁጥር ግን ይህን ይደብቃል፤ ስለዚህ በጾታ ለዩት። በትምህርት ነገሩ ይገለበጣል። የ15 ዓመት ልጆች በሚፈተኑበት ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2018 ከአውሮፓ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘችው ኢስቶኒያ ናት፤ ለዓመታት የሁሉም አርአያ የነበረችው ፊንላንድ በንባብና በሳይንስ ተከትላታለች። መምህር ነኝና ይህን ሳነብ ልቤ ይሞቃል፤ ገንዘቡ ያነሰው ቤት ልጆቹን በተሻለ ሊያስተምር ይችላል ማለት ነው።

መደምደሚያውን የምትጽፉት ከዚህ በኋላ ነው። «ትበልጣለች» የሚለው ቃል ብዕራችሁ ላይ ከመጣ፣ በምን፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው መነሻ የሚሉትን ሦስቱን እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጨምሩ።