የትልቅ ሰው መገጣጠሚያ ድንገት ሲያብጥ፦ ሪህንና ሐሰተኛ ሪህን እንዴት መለየትና ማከም ይቻላል

የትልቅ ሰው መገጣጠሚያ ድንገት ቀልቶ ሲያብጥ ብዙዎቻችን "እርጅና ነው" ብለን እናልፋለን። እርጅና ግን በአንድ ሌሊት ጉልበት አያሳብጥም። እንዲህ ሲሆን ቀድመው መታሰብ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ በደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ የሚባል ቆሻሻ መገጣጠሚያ ውስጥ ክሪስታል (ጥቃቅን ጠጣር ቅንጣት) ሲሠራ የሚመጣው ሪህ፣ በካልሲየም ፓይሮፎስፌት ክሪስታል የሚመጣው ሐሰተኛ ሪህ፣ እና መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ባክቴሪያ። ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው።

መጀመሪያ፦ ኢንፌክሽን አለመሆኑ ይረጋገጥ

ይሄ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም። ባክቴሪያ ከሆነ መገጣጠሚያውን በቀናት ውስጥ ያበላሻል፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። ድንገት አብጦ የሚያቃጥልና አልንቀሳቀስ ያለ መገጣጠሚያ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። "ትኩሳት የላቸውም እኮ" ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ሪህም ራሱ ያተኩሳል፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ኢንፌክሽን ይዞትም ላያተኩሰው ይችላል። አንዳንዴ ቤተሰብ ቀድሞ የሚያየው እብጠቱን ሳይሆን ግራ መጋባታቸውንና ምግብ መተዋቸውን ነው።

ቀጥሎ፦ ፈሳሹ ይቀዳ

ዋናው ምርመራ ይሄ ነው፤ ሐኪሙ ካላነሳው እናንተ ጠይቁ። ቆዳው ይጸዳል፣ ከመገጣጠሚያው በመርፌ ትንሽ ፈሳሽ ይሳባል። የጤነኛ መገጣጠሚያ ፈሳሽ ጥርት ያለ ነው፤ የታመመው ደፍርሶ፣ ምክንያቱ ክሪስታል ብቻ ሆኖም እንኳ አንዳንዴ መግል መስሎ ይወጣል። ክሪስታልን ለይቶ በሚያሳይ ልዩ ብርሃን ባለው (ፖላራይዝድ) ማይክሮስኮፕ የዩሪክ አሲዱ ክሪስታል እንደ መርፌ ሹል ሆኖ ቦግ ብሎ ይታያል። የካልሲየሙ ግን አጠር፣ ደብዘዝ ያለ ነው፣ የቸኮለ ሰው ያልፈዋል። ክሪስታል ቢገኝም ፈሳሹ ለባክቴሪያ ካልቸር (ባክቴሪያ ካለ አሳድጎ ለሚለይ ምርመራ) ይላክ፤ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

መቅዳት ካልተቻለ ሌሎች ፍንጮች አሉ። የእግር አውራ ጣት ከሆነና ሕመሙ በአንድ ቀን ውስጥ ጣሪያ ከነካ ወደ ሪህ ያደላል። ዕድሜው ከ60 ያለፈ ሰው ጉልበት ወይም የእጅ አንጓ ከሆነ፣ በራጅም የመገጣጠሚያው ልም አጥንት ላይ ነጭ ቀጭን መስመር ከታየ፣ ወደ ሐሰተኛ ሪህ። የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ትልልቅ ሴቶች ላይ ሪህ የእጅ ጣቶችን ሊይዝ ስለሚችል ከተራ የመገጣጠሚያ ብግነት ጋር ይምታታል። በደም የሚለካው ዩሪክ አሲድ ብቻውን አያሳምነኝም፦ ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት ልኩ ኖርማል ሊሆን ይችላል። እብጠቱ ከጠፋ ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገም።

ሦስተኛ፦ ሕመሙን ማስታገስ

መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት የኩላሊት ምርመራ ይታይ። ይሄን ደጋግሜ ብናገር ደስ ይለኛል፤ እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉት የሕመም ማስታገሻዎች ወጣቱን ቢያድኑም፣ ኩላሊቱ ወይም ልቡ የደከመን፣ ጨጓራው የደማን ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድን አዛውንት ሆስፒታል ሊያስተኙት ይችላሉ። ብግነቱን የሚያበርደው ኮልቺሲን የሚባል መድኃኒት በመጀመሪያው ቀን፣ በአነስተኛ መጠን ሲጀመር ጥሩ ይሠራል። ተቅማጥ እስኪመጣ መዋጥ የድሮ ልማድ ነው፣ አደገኛም ነው። ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ይቀንሳል ወይም ይቀራል፤ ክላሪትሮማይሲን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋርም አይወሰድም። ብዙ ጊዜ ለትልቅ ሰው የሚሻለው ለጥቂት ቀን የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ኪኒን ነው፣ ስኳር ካለባቸው ግን በየቀኑ ይለካ። የታመመው አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ከሆነና ኢንፌክሽን እንደሌለ ከተረጋገጠ እዚያው ላይ የስቴሮይድ መርፌ መውጋት ይቻላል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶም ያስታግሳል።

አራተኛ፦ ሪህ ከሆነ ዩሪክ አሲዱን ማውረድ

ሕመሙ የሚመላለስ ከሆነ፣ ቆዳ ሥር እባጭ ካለ ወይም ኩላሊት ከተጎዳ አሎፑሪኖል ይጀመራል። በቀን ከ100 ሚሊግራም ባልበለጠ፣ ኩላሊት ለደከመ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ተጀምሮ፣ በየጥቂት ሳምንቱ ደም እየተለካ ከፍ ይላል። ግቡ ከ6 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊቀሰቀስ ስለሚችል መከላከያ አብሮ ይታዘዛል። ብዙ ሰው "መድኃኒቱ አባሰብኝ" ብሎ የሚያቋርጠው እዚህ ጋ ነው። አታቋርጡ። ሽፍታ ከወጣ ግን ወዲያው አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ምግብ መምረጥና መጠጥ መቀነስ ይረዳል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይበቃም። የሚወሰዱት መድኃኒቶች ሁሉ ለሐኪሙ ይታዩ፤ የሚያሸናው ሊቀየር ይችል ይሆናል፣ ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ግን በራስ ፈቃድ አይቆምም።

ሐሰተኛ ሪህ ከሆነ ክሪስታሉን የሚያሟሟ መድኃኒት የለም። ሥራው ሕመሙ ሲነሳ ማብረድና፣ ከተመላለሰ፣ ሐኪሙ ካመነበት አነስተኛ ኮልቺሲን በየቀኑ መውሰድ ነው። ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ብረት፣ እንዲሁም የሰውነትን ካልሲየም የሚቆጣጠረው የፓራታይሮይድ ሆርሞን ይመርመሩ፣ በተለይ ታማሚው ከ60 ዓመት በታች ከሆነ። በሁለቱም በሽታዎች እብጠቱ ጋብ እንዳለ ከአልጋ አስነሷቸው፣ ደግፋችሁም አራምዷቸው፤ የትልቅ ሰው ጡንቻ በጥቂት ቀን መተኛት ይዝላል።