ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ልትገዙ ነው? ቅድሚያ የባትሪውን ዋጋ ጠይቁ

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ቶሎ ብሎ የሚነግራችሁ ሁለት ነገር ነው፤ ሞተሩ ስንት እንደሚፈጥንና በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ። ስሙት፣ ግን አትመኑት። ሲጨርስ እንዲህ በሉት፦ "የዚህ ባትሪ ሲሞት አዲሱን ከማን ነው የምገዛው? በስንት?" መልሱን ካድበሰበሰ፣ ወይም "ኧረ ይሄ አይሞትም" ካላችሁ፣ ዋጋው ምንም ቢያጓጓ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ኤሌክትሪክ ሞተር ላይ ፒስተን የለ፣ ካርቡሬተር የለ፣ የሞተር ዘይት መቀየር የለ። ውዱም፣ የሚያልቀውም ዕቃ ባትሪው ነው። ርካሽ ሞተር መግዛት አለመግዛታችሁ የሚታወቀው የመጀመሪያው ባትሪ ያለቀ ቀን ነው።

ባትሪው በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አሲድ ባትሪ ነው። ሻጮች "ጄል"፣ "ግራፊን" እያሉ ስሙን ያሳምሩታል፣ ውስጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው እርሳስና አሲድ ነው። ስድስት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተያይዞ 72 ቮልት ይሆናል። ሲገዛ ርካሽ ነው። ችግሩ፣ በየጊዜው እስከ መጨረሻው እያሟጠጣችሁ የምትነዱት ከሆነ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ቻርጅ ተደርጎ ይደክማል፤ በየቀኑ ዴሊቨሪ ለሚሠራ ልጅ ይህ አንድ ዓመት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ማለት ነው። ሌላው ሊቲየም ነው። ከሊቲየሞቹ ደግሞ ኤልኤፍፒ (LFP ወይም LiFePO4 ተብሎ የሚጻፈውን) ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ በአግባቡ የተሠራው 2000 ጊዜ አካባቢ ቻርጅ ይደረጋል፣ በእሳት በኩልም ከሌሎቹ ሊቲየሞች የተሻለ ነው። መጀመሪያ ላይ ኪስ ይጎዳል፣ እውነት ነው። ግን የአሲድ ባትሪውን ዋጋ በሦስት ወይም በአራት አባዙትና አወዳድሩ። በሳምንት ሁለት ቀን ሰፈር ውስጥ ለምትነዱ አሲዱም ይበቃችኋል፣ እንጀራችሁ ሞተሩ ላይ ከሆነ ግን አሲድ ውስጥ ባትገቡ ይሻላል።

አሁን ያችን "80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል" የምትባለዋን ነገር ራሳችሁ አስሏት። ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፔር ሰዓቱ (Ah) አባዙ፤ ባትሪው የሚይዘው ጉልበት በዋት ሰዓት ይወጣላችኋል። 72 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት ከሆነ 1440 ዋት ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ አትጠቀሙበትም፤ ከአሲድ ባትሪ 70 ከመቶውን ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ ማለትም 1000 ዋት ሰዓት ገደማ። እንዲህ ያለ ሞተር ከተማ ውስጥ በኪሎ ሜትር ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ከ25 እስከ 33 ኪሎ ሜትር ነው። ሻጩ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ 80ው የሚገኘው አንድ ቀጭን ሰው ሜዳ ላይ በዝግታ ሲነዳ ነው። እናንተ ግን ከኋላ ሰው ወይም የዕቃ ሳጥን ጭናችሁ ዳገት ትወጣላችሁ።

ዳገት ካልኩ አይቀር፣ አዲስ አበባ ላይ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ባሕር ዳርና ሀዋሳ ሜዳ ናቸው፤ 1000 ዋት ሞተር እዚያ ያለ ችግር ይሠራል። አዲስ አበባ ሌላ ነው። እናንተና ሞተሩ አንድ ላይ 200 ኪሎ ብትሆኑና በመቶ ሜትር አሥር ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ልውጣ ብትሉ፣ ለዳገቱ ብቻ 1400 ዋት ገደማ ያስፈልጋችኋል። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ እንጦጦ የሚወጣ ሰው 600 ሜትር ያህል ከፍታ ቢጨምር፣ ከዚያች ባትሪ ከምታገኙት 1000 ዋት ሰዓት ላይ ሲሶ ገደማው ለመውጣት ብቻ ይሄዳል፤ መንገዱ ራሱ የሚበላው ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው ከ2000 ዋት በታች አልመክርም። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ፣ የነዳጅ ሞተር ከፍታ ላይ አየር አጥሮት ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የኤሌክትሪኩ ግን በዚህ ምክንያት አይደክምም።

ዋቱን ስትመረምሩ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ትልቅ ቁጥር አትዩ። "3000" የሚለው ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚወጣ ጉልበት ነው። ኮርቻውን አስነሡና ኮንትሮለሩ (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ሳጥን) ላይ የተጻፈውን አምፔር አንብቡ። 72 ቮልት ሆኖ 30 አምፔር ከሆነ ከ2160 ዋት በላይ ከየት ያመጣል? አያመጣም። ጎማውን የሚያዞረው ሞተር ራሱ ኋላ ጎማው ውስጥ ነው ወይስ መሀል ላይ ሆኖ በሰንሰለት ነው የሚያዞረው የሚለውንም እዩ። ጎማ ውስጥ ያለው ብልሽቱ አነስተኛ ነው፣ ረጅም ዳገት ላይ ግን ይግላል። ዳገት የበዛበት መስመር ላይ ለምትሠሩ በሰንሰለት የሚሄደው ይሻላል።

ሳትሞክሩ ብር አትቁጠሩ። ሻጩ ፉል ቻርጅ አድርጎ ሱቁ ፊት ለፊት ሜዳው ላይ አንድ ዙር ያስነዳችኋል፤ እሱ ሙከራ አይደለም። ባትሪው 30 ከመቶ አካባቢ ሲደርስ፣ ከኋላ ሰው አፈናጥጣችሁ፣ በሰፈራችሁ ክፉ ዳገት ውጡ። ደካማ ባትሪ እዚያ ላይ ይጋለጣል፤ ጋዝ ስትሰጡት የቻርጅ ምልክቱ ዘጭ ይልና ስትለቁት ተመልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱንም አትርሱ። ፍሪሲዮንና ማርሽ ስለሌለ በማርሽ ማቀዝቀዝ የሚባል ነገር የለም፣ ስለዚህ ቢያንስ የፊቱ ፍሬን የዲስክ መሆን አለበት።

ቻርጅ የት ነው የምታደርጉት? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ ከዋቱም ይበልጣል። ስድስቱ አሲድ ባትሪ አንድ ላይ 40 ኪሎ ያልፋል፣ ማታ ማታ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ የለም። ተመጣጣኙ ሊቲየም 15 ኪሎ ገደማ ነው፣ እጀታ ኖሮት የሚወጣ ከሆነ እንደ ጀሪካን አንጠልጥላችሁ ትገባላችሁ። ቤት ስታስገቡት ግን መውጫው በር አጠገብ አትሰኩት፤ አንድ ነገር ቢፈጠር መሸሻችሁ እዚያ ነው። ቻርጀሩ ከባትሪው ጋር የመጣው ብቻ ይሁን። የአሲዱን ቻርጀር ሊቲየም ላይ መሰካት፣ "ሁለቱም 72 ናቸው" ተብሎ፣ የሚዘወተር ጥፋት ነው፤ ሞልተው የሚቆሙበት ቮልት ይለያያል። መብራት እየጠፋ ሲመጣም ቮልቴጁ ስለሚዋዥቅ ቻርጀር ይበላል፣ ስለዚህ የመለዋወጫ ቻርጀር ዋጋም አብራችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ዶዳይ ያሉ፣ ያለቀውን ባትሪ በሞላ ቀይሮ የመሄድ አገልግሎት የጀመሩ ድርጅቶችም አሉ፤ መስመራችሁ ላይ ጣቢያ ካለ ነገሩን ሁሉ ያቀላል፣ ከሌለ ግን አይጠቅማችሁም።

ወረቀቱ ላይ አትቸኩሉ። "ኤሌክትሪክ ስለሆነ ሰሌዳ አያስፈልገውም" የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ቻው በሉት። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ሳይክል ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ከልክላለች፤ ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ለምትሠሩት ሥራ ምን ፈቃድ እንደሚፈለግ አረጋግጡ። ከሻጩ ደግሞ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ጠይቁ፣ የቻሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከብረቱ ጋር አመሳክሩ። ሊብሬ ሊወጣለት የማይችል ሞተር በግማሽ ዋጋም ውድ ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ መልቲሜትር የያዘ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዛችሁ ሂዱ። አሲድ ባትሪ ከሆነ ፉል ቻርጅ ሆኖ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ስድስቱንም አንድ በአንድ ይለካላችሁ፤ እያንዳንዱ 12.7 ቮልትና ከዚያ በላይ ሊያሳይ ይገባል። አምስቱ ደህና ሆነው አንዱ ግማሽ ቮልት ካነሰ፣ ያ አንዱ ሌሎቹን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። "እሱን ብቻ ቀይረው" ቢሏችሁም አትስሙ፣ አዲስ ከአሮጌ ጋር ሲቀላቀል አዲሱም አብሮ ቶሎ ይደክማል። የስድስቱንም ዋጋ ከሚጠራው ዋጋ ላይ ቀንሱና ድርድሩን ከዚያ ጀምሩ።