በጀልባ አደጋ እጁን ወይም እግሩን ያጣ ሰው ካሳ የሚጠይቅበት አካሄድ

ከአዲስ አበባ ለሽርሽር ወይም ለሥራ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ባቱ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሄዶ በጀልባ አደጋ እግሩ የተቆረጠ ሰው፣ የመጀመሪያ እርዳታ በአቅራቢያው ካገኘ በኋላ ለቀጣዩ ሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ሌላ የከተማችን ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። በዚህ የተነሣ የፖሊስ መዝገቡ በሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ፣ የሕክምና ማስረጃው በአዲስ አበባ፣ የአስጎብኚው ድርጅት ጽሕፈት ቤት ደግሞ ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ይሆናል። እንዲህ ያለው የካሳ ክስ የሚዳከመው ሕጉ ለተጎጂው ስለማይቆም ሳይሆን፣ የተበተነው ወረቀት በጊዜው ስለማይሰበሰብና የወደፊቱ ወጪ በገንዘብ ሳይተመን ስለሚቀር ነው።

በመኪና አደጋ ጊዜ የለመድነው የሦስተኛ ወገን መድን በሐይቅ ላይ አይሠራም። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚመለከተው በመንገድ ላይ የሚንቀሳቀሱ ባለሞተር ተሽከርካሪዎችን እንጂ ጀልባን አይደለም። ስለዚህ የጀልባው ባለቤት ወይም አስጎብኚው የኃላፊነት መድን ገብቶ እንደሆነ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተጎጂው ራሱ ወይም መሥሪያ ቤቱ የገባው የግል አደጋ መድን ካለም፣ በውሉ ላይ የተጻፈው የማሳወቂያ ጊዜ አጭር ሊሆን ስለሚችል፣ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖም ቢሆን ለመድን ድርጅቱ በደብዳቤ ማሳወቅ ይገባል።

የክሱ ዋና መሠረት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚደነግገው ክፍል ነው። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያስገድዳል፤ አንቀጽ 2067 ደግሞ በድርጊቱ የሌላውን አካል የጎዳ ሰው፣ ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት ብቻ የደረሰ ካልሆነና በሕጉ ከተመለከቱት ጥቂት መከላከያዎች በአንዱ ካልተጠለለ በቀር፣ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። አንቀጽ 2081 የማሽንና የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት በንብረቱ ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ የጀልባ ሞተርም ማሽን ነውና በዚህ ድንጋጌ ሥር ይወድቃል ብሎ መከራከር ይቻላል። ነጂው ቅጥር ከሆነና አደጋውን ያደረሰው በሥራው ላይ እያለ ከሆነ፣ በአንቀጽ 2130 መሠረት አሠሪውም አብሮ ይከሰሳል። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ነጂው ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ተጎጂው በጀልባው የተሳፈረው ያለ ክፍያ፣ በወዳጅነት ከሆነ፣ ባለቤቱ ጥፋት ሳይኖርበት በንብረቱ ብቻ የሚጠየቅበትን ድንጋጌ ተጎጂው ሊጠቅስ ስለማይችል የባለቤቱን ጥፋት ማስረዳት ይኖርበታል። በመሆኑም የጉዞው ደረሰኝ፣ ገንዘቡ በቴሌብር ተልኮ እንደሆነ የክፍያው መልእክት፣ ከአስጎብኚው ጋር የተለዋወጡት የቴሌግራም ጽሑፍ ሁሉ ሳይሰረዝ መቀመጥ አለበት። በአንጻሩ ከፍሎ የተሳፈረ ሰው ከአጓጓዡ ጋር ውል አለው የሚል ክርክር ሊነሣ ስለሚችል፣ ጠበቃው ክሱን ሲያዘጋጅ ከውል ውጭ ያለውንም በውል ላይ የተመሠረተውንም ምክንያት በአማራጭ ቢያቀርብ ይበጃል።

ከአደጋው ቦታ መሰብሰብ ያለበትን ማስረጃ በተመለከተ፣ ቤተሰቡ በሕክምናው ሲጨነቅ አንድ ዘመድ ወይም ጓደኛ ለዚህ ብቻ ቢመደብ መልካም ነው። ጉዳዩ ለአካባቢው ፖሊስ ወዲያው መመዝገብ አለበት። የጀልባው ስም ወይም ቁጥር፣ የሞተሩ ዓይነት፣ የተሳፋሪዎቹ ብዛት፣ የነጂው የብቃት ማረጋገጫ መኖር አለመኖሩ፣ በሰዓቱ የነበረው ብርሃንና ማዕበል ይጻፋሉ፤ ጀልባው ሳይጠገን ፎቶግራፍ ይነሣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። የመጀመሪያው፣ ሰው ውኃ ውስጥ እያለ ወይም ከመሰላሉ ሲወርድ ሞተሩ ለምን አልጠፋም የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ከጀልባው ኋላ በሚገጠሙ ሞተሮች ላይ ነጂው ከቦታው ሲነሣ ወይም ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ በነጂው ላይ ታስሮ ነበር ወይ የሚለው ነው። ገመዱ ሳይታሰር ቀርቶ ማንም ያልያዘው ጀልባ እየዞረ ዋናተኛ ከመታ፣ ጥፋቱን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ተከሳሾች ደጋግመው የሚያነሡት መከላከያ ተጎጂው ላይፍ ጃኬት አልለበሰም የሚል ነው። የተጎጂው ጥፋት ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳው በዚያው ልክ እንደሚቀነስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ላይፍ ጃኬት ከመስጠም ያድናል እንጂ እግርን ውኃ ውስጥ ከሚሽከረከረው የሞተር ምላጭ አይከላከልም። ስለዚህ አለመልበሱ ለዚህ ጉዳት ምክንያት አለመሆኑ ተጎጂው ለዚህ መከላከያ በሚሰጠው መልስ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

የሕክምና ማስረጃውም የራሱ ወጥመድ አለው። የሐይቅ ውኃ የገባበት ቁስል ለኢንፌክሽን የተጋለጠ በመሆኑ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የተቆረጠ እግር በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ከጉልበት በላይ ሊቆረጥ ይችላል። ያን ጊዜ ተከሳሹ ጉዳቱን ያባባሰው ሆስፒታሉ ነው ማለቱ አይቀርም። ይህን ለመመለስ ከመጀመሪያው ጤና ተቋም የተሰጠው የሪፈር ወረቀት፣ የእያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ማስታወሻና የሐኪሙ ማብራሪያ በቅደም ተከተል መቅረብ አለባቸው። የፖሊስ ወይም የጤና ጣቢያ ሰነዱ ከቢሾፍቱ ወይም ከባቱ በአፋን ኦሮሞ ከመጣ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ፣ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ተተርጉሞ መያያዝ ይኖርበታል። በመጨረሻም የሐኪሞች ቦርድ የዘላቂ ጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚገልጽ ማስረጃ መስጠት አለበት፤ ያለዚህ ቁጥር የገቢ ካሳው ስሌት መነሻ አይኖረውም።

ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን እንዳለበት አንቀጽ 2091 ይደነግጋል፤ አንቀጽ 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል። አካሉን ላጣ ሰው ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። የተቆረጠው ክፍል በመጀመሪያው ዓመት እብጠቱ እየጎደለ ቅርጹን ስለሚለውጥ የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ እግር መያዣ በአጭር ጊዜ መለወጥ ይኖርበታል። ከዚያም በኋላ እግሩ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፤ በመካከሉ የውስጥ ሽፋኑ፣ ማሰሪያውና ጥገናው ወጪ ይጠይቃሉ። ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ የጉልበት መገጣጠሚያም ስለሚያስፈልገው ዋጋው ከፍ ይላል። ተጎጂው ልጅ ከሆነ ደግሞ እያደገ ሲሄድ ልኩ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ስለዚህ ከሰው ሠራሽ አካል አምራች ፕሮፎርማ ወስዶ፣ በስንት ዓመቱ መለወጥ እንዳለበት ባለሙያው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ማድረግና በቀሪው ዕድሜ ማባዛት ያስፈልጋል። በሌለው እግር ላይ የሚሰማው ሕመም፣ በነርቭ ጫፍ ላይ የሚፈጠር እብጠትና ድጋሚ ቀዶ ሕክምናም ሐኪሙ ይሆናል ካለ ይጨመራሉ።

ከሕክምና ውጭ ያለውም ብዙ ነው። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ወደ ምድር ቤት ሲዛወር የሚከፍለው የኪራይ ልዩነት፣ በሚኒባስ መሳፈር ሲያቅተው ለታክሲ የሚያወጣው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ማሻሻያ ሁሉ ማስረጃ ከቀረበላቸው ሊካሱ የሚችሉ ወጪዎች ናቸው። ሚስት ወይም እናት ሥራዋን ትታ ብታስታምም ያጣችው ገቢ መጠቀስ አለበት፤ በእኛ ባህል የቤተሰብ ግዴታ ስለሆነ ብቻ ዋጋ የለውም ብሎ መተው የተከሳሹን ዕዳ በቤተሰቡ ላይ ማዛወር ነው።

ለገቢው ካሳ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በወር 12,000 ብር የሚያገኝ የ34 ዓመት ሰው የጉዳት መጠኑ 40 በመቶ ነው ቢባል፣ በዓመት የሚያጣው 57,600 ብር ይሆናል፤ እስከ 60 ዓመት ጡረታ ድረስ ባሉት 26 ዓመታት ሲባዛ 1,497,600 ብር ይደርሳል። ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ መከፈሉን አይቶ ሊቀንሰው ይችላል። መቶኛው ብቻውን እውነቱን ላያሳይ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም፤ የሊስትሮ፣ የሾፌርና የሒሳብ ሠራተኛ እግር በቦርዱ ሰንጠረዥ አንድ ቢሆንም ከሥራቸው ላይ የሚነጥቀው እኩል አይደለም። ደመወዝተኛ ያልሆነ ሰው የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የባንክ እንቅስቃሴና ምስክሮች ያቀርባል፤ መጠኑን በትክክል ማስላት ካልተቻለም ዳኞች በአንቀጽ 2102 መሠረት በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ በመሰላቸው ግምት፣ ይወስናሉ።

የሕሊና ጉዳት ካሳን በተመለከተ ብዙ ተስፋ ማድረግ አይገባም። አንቀጽ 2116 ጣሪያውን በ1,000 ብር ወስኖታል፤ ገንዘቡ ሕጉ በወጣበት ዘመን ትርጉም ነበረው፣ ዛሬ ግን እግሩን ላጣ ሰው ማሾፊያ ይመስላል። ቢሆንም መጠየቁን መተው አያስፈልግም።

ጊዜው ይሮጣል። በአንቀጽ 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ወንጀልም ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ከዚህ የሚረዝም ከሆነ በረዥሙ መጠቀም ይቻላል፤ በዚህ ላይ ተማምኖ መዘግየት ግን ብልህነት አይደለም። ዐቃቤ ሕግ በቸልተኝነት አካል በማጉደል ወንጀል ክስ ከመሠረተ፣ ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን በዚያው መዝገብ ሊያቀርብ ይችላል። ነጂው በወንጀል በነጻ ቢለቀቅም በአንቀጽ 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔሩን ችሎት አያስርም።

ተጎጂው ራሱ የጀልባ ሠራተኛ፣ አስጎብኚ ወይም የመዝናኛ ቦታ ተቀጣሪ ከሆነ ሌላ መንገድ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። በአዋጁ መሠረት ለዘላቂ ሙሉ ጉዳት የሚከፈለው ካሳ የ5 ዓመት ደመወዝ ሲሆን፣ ከፊል ጉዳት በመቶኛው ልክ ይሰላል። የጡረታ ዐቅድ አባል የሆነ ሠራተኛ ደግሞ የጉዳት ጡረታ መብቱን ማጣራት አለበት።

ክሱ የሚቀርበው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ቦታ ነው። አስጎብኚው ድርጅት አዲስ አበባ ከሆነ በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ የሚቻልበት ዕድል አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለው ለመጀመሪያ ደረጃ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከአልጋ መነሣት ያልቻለ ሰው ለዘመዱ ውክልና ሊሰጥ ይችላል። የዳኝነት ክፍያውን መክፈል የማይችል ደግሞ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ በስድስት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከልም ሊረዳው ይችላል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም። እርቅ መልካም ነው፤ ሕጉም ከጉዳቱ በኋላ በካሳው ላይ መስማማትን ይፈቅዳል። ነገር ግን የግልግል ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ስለሚቆጠር፣ የሆስፒታል ሒሳብ ከፍሎ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት የሚያስፈርም ሰው ሲመጣ፣ የቦርዱ ማስረጃና የሰው ሠራሽ አካሉ ፕሮፎርማ እስኪደርስ ድረስ መፈረም አይገባም። ሽማግሌዎቹን አክብሮ፣ ለሕክምና የተሰጠው ገንዘብ ቅድመ ክፍያ መሆኑን በጽሑፍ አስቀምጦ ንግግሩን ማቆየት ይቻላል። ስምምነት ላይ ሲደረስም በፍርድ ቤት ቢጸድቅ ለማስፈጸም ይቀላል።

ጀልባው የባለቤቱ ብቸኛ ሀብት ከሆነና ሊሸጠው እንደሚችል የሚያሳይ ነገር ካለ፣ ክሱ ሲቀርብ አብሮ ከፍርድ በፊት ንብረቱ እንዲከበር፣ ማለትም እንዳይሸጥ በፍርድ ቤት እንዲያዝ፣ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ለዚህም የጀልባው የምዝገባ ቁጥርና ያለበት ወደብ በማመልከቻው ላይ መጻፍ አለባቸው።