የደሴ–ኮምቦልቻ ምልልስ ሲሰለቸኝ ያደረግሁት

እያደርኩ ያለሁት ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ። ችግሩም እሱ ነው። አእምሮ የለመደውን ነገር ችላ ይላል። ሚኒባስ ውስጥ ስልክ መጎርጎሩ ጭራሽ ድብርቱን አባሰው።

የሠራልኝ ዘዴ ቀላል ነው። ስልኩ ቦርሳ ይገባል፤ ለአንድ ጉዞ አንድ ጥያቄ እይዛለሁ። ሐረጎ ላይ ጆሮዬ ለምን ይደፈናል? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ስንወርድ የውጭው አየር ግፊት ይጨምርና የጆሮ ታምቡርን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ምራቅ ዋጥ ሲያደርጉ ይከፈታል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቦርከና ነው። ያ ቆሻሻ የምንጥልበት ወንዝ! አዋሽ ውስጥ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ይህን አጠገቤ ለተቀመጡ አባት ስነግራቸው፣ «አብሽር ልጄ፣ እኛ እኮ እንዋኝበት ነበር» አሉኝ። ወሬያቸው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ድረስ አላለቀም።

አንዳንድ ጠዋት ጥያቄ አይመጣም። ያን ቀን እተኛለሁ።