8 ጊጋ ተብሎ የተገዛ ላፕቶፕ 5.88 ሲል፦ የምንሠራቸው ስህተቶች

የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ። ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ቤተሰብ አዋጥቶ ደሴ ፒያሳ የገዛላት አዲስ ላፕቶፕ ባለ 8 ጊጋ ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ሜሞሪ) ነው ተብሎ ነበር። ስትከፍተው ግን «8.00 ጊጋ» ይልና፣ አጠገቡ «5.88 ብቻ ይሠራል» ይላል። «ወንድሜ፣ ተሸወድኩ» አለችኝ። አብሽሪ አልኳት። አልተሸወደችም። ችግሩ እኔ ጋ ከመደወሏ በፊት የሰማቻቸው ምክሮች ናቸው።

ሁለቱን ቁጥሮች ሳይለዩ ሻጩ ላይ መጮህ። የመጀመሪያው ቁጥር የተገጠመው ራም ነው። ሁለተኛው ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞች የተረፈው ነው። የመጀመሪያው 8 ካለ ዕቃው አለ። እሱ ራሱ 4 ካለ ግን ደረሰኝ ይዞ ወደ ሱቁ መመለስ ነው።

የቀረው የት ገባ? የእሷ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ (ዋናው አስሊ ቺፕ) ኤኤምዲ ራይዘን ነው፤ ለግራፊክሱ (ስክሪኑ ላይ ምስል ለሚያወጣው ክፍል) የተለየ ሜሞሪ የለውም። ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ከአንድ ሌማት ነው የሚበሉት። ግራፊክሱ ገና ሲነሳ 2 ጊጋ ለራሱ ይዟል። ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ብትነኩ «ሃርድዌር ሪዘርቭድ» (ለሃርድዌር የተያዘ) በሚል ስም ታገኙታላችሁ። 8 ጊጋው 7.8 ካለ ግን ጤነኛ ነው፤ አትጨነቁ።

ኤምኤስኮንፊግ (የዊንዶውስን አነሳስ ማስተካከያ) ውስጥ «ማክሲመም ሜሞሪ» ላይ ምልክት ማድረግ። በጣም የሚያናድደኝ ምክር ይሄ ነው። «ምልክት አድርጊና 8192 ጻፊ፣ ሙሉው ይመጣልሻል» ብለዋት አደረገችው፤ 8192 ማለት 8 ጊጋ በሜጋ ሲጻፍ ነው። ሪስታርት ስታደርግ ከ5 በታች ወረደ! ያ ሳጥን ራም ለመጨመር አልተሠራም፤ ለመገደብ ነው። የተጻፈው ቁጥር እንደ ሜሞሪ አድራሻ ይቆጠራል፤ ከዚያ አድራሻ በላይ ያለውን ራም ዊንዶውስ ይተወዋል። የራሙ ከፊል ደግሞ ከዚያ አድራሻ በላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ለሌሎች የኮምፒውተሩ ክፍሎች ቦታ ሲለቀቅ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ 8192 ብትጽፉም ትከስራላችሁ። ምልክቱን አንሱና ሪስታርት አድርጉ፤ በቃ።

ላፕቶፑን ፈትቶ ማየት። አዲስ ዕቃ ነው፤ ዋስትናው ሊበላሽባችሁ ይችላል። በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ ቢፈታም የሚነቀል ነገር የለም።

ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ያገኙትን ሁሉ መነካካት። መፍትሔው ያለው እዚያ ነው፤ ግን የምትፈልጉት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ዩኤምኤ ፍሬም ባፈር ሳይዝ»፣ ማለትም ግራፊክሱ ለራሱ የሚይዘው የራም መጠን። ካለ ወደ 512 ሜጋ ወይም ወደ አውቶ ቀይሩት። ብዙ አምራቾች ይደብቁታል፤ ከሌለ ተዉት። ጌም የሚጫወት ወይም ከባድ የሥዕል ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው 2 ጊጋውን ባይነካው እመርጣለሁ። ባዮሱን ራሱን አፕዴት የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ። መብራት እንዴት እንደሚሄድብን ታውቃላችሁ። መሃል ላይ ከጠፋ ላፕቶፑ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ መጫን። በፍላሽ ተቀባብሎ የመጣ አሮጌ ኮፒ ከሆነ፣ 8 ጊጋ ቢኖርም ከ4 አያልፍም። 64 ቢቱን ጫኑ።

የአክስቴን ልጅ በስልክ እየመራኋት ምልክቱን አነሳች፣ ባዮስ ገብታ 2 ጊጋውን ወደ 512 ሜጋ አወረደችው። አሁን 7.38 ይላል። በማግስቱ ያን የጮኸችበትን ሻጭ ደውላ «አፉ በለኝ» አለችው።